በሙሉ ድምፅ የተሠራው ድልድይ

ሐሙስ፣ ሰኔ 19። ጠዋት

ጦጣ በቆሎው ውስጥ ገብቷል። ሁለት መደብ ነቅሎ ጥሏል። ገና ቅጠል ነው፣ ምን እንደሚፈልግበት አላውቅም። ቆርቆሮ መታሁ፣ ሄደ። ዝናቡ አላባራም። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ።

የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ከአጥር ውጭ ቆሞ ጠራኝ። አልገባም አለ፣ ጫማው አዲስ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ሰጠኝ። የወረዳው ም/ቤት የጉባኤ ጥሪ፣ አባል ነኝ። ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። የዓመቱ ሪፖርት ይጸድቃል፣ የመጪው ዓመት በጀት ይጸድቃል። ይሄን የነገረኝ እሱ ነው። ወረቀቱ በቁቤ ነው።

ኦሮምኛ አላጣሁም። ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ሲያመጡኝ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስሯሯጥ ለመድኩት። ዛሬ ስቆጣ የሚመጣልኝ እሱ ነው። ፊደሉ ነው የጎደለኝ። እስከ ሰባተኛ ክፍል የተማርኩት በአማርኛ ነው፣ ቁቤ የመጣው እኔ ካቋረጥኩ በኋላ። ጣቴን እያስኬድኩ አነባለሁ። አንዱን ገጽ ግማሽ ቀን።

ወረቀት ሲመጣ ለሰዓዳ ነበር የምሰጣት። እሷ ታነባለች፣ እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሰዓዳ ልጄ ናት። ነበረች ማለት ይኖርብኛል። ግንቦት 22፣ ዓርብ፣ ከት/ቤት ስትመለስ ከመሻገሪያው ግንድ ላይ ወደ ወንዙ ወደቀች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በሁለተኛው ቀን አገኟት።

ደብተሬ፣ አንተም የእሷ ነህ። የዘጠነኛ ክፍል የሥነ ዜጋ ደብተር። ግማሽህ ባዶ ቀርቷል። ባዶውን እኔ እጽፍበታለሁ። የእሷን ገጾች አልነካም።

ዓርብ፣ ሰኔ 20። ከሰዓት

የእሷን ገጾች አየሁ። አልነካም ያልኩት ለመጻፍ ነው።

አንዱ ገጽ ላይ ሦስት ሣጥን ሥላለች። ታች ሕዝብ። መካከል ም/ቤት። ላይ አስተዳደር። ቀስቶች ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ሌሎች ቀስቶች ወደ ታች ይመለሳሉ። አስታውሳለሁ ያን ቀን። የፓርላማ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ አስረዳሻለሁ ብላ እበረንዳው ላይ ያዘችኝ። የም/ቤት አባል ሆነሽ ይሄን ሳታውቂ አላሳልፍሽም አለች።

እንዲህ ነበር ያለችኝ። ሕዝቡ አባላትን ይመርጣል። አብዛኛውን ወንበር ያገኘው ፓርቲ አስተዳዳሪውን ከመካከላቸው ያቀርባል፣ ም/ቤቱ ይሾመዋል። አስተዳዳሪው የራሱን ካቢኔ ያቀርባል፣ እነሱንም ም/ቤቱ ያጸድቃል። ሁሉም ለም/ቤቱ መልስ ይሰጣሉ። ካልሠሩ ም/ቤቱ እምነት ይነሣቸዋል፣ ይወርዳሉ። አዲስ አበባም እንዲሁ ነው፣ ወረዳም እንዲሁ ነው አለች። ትልቁና ትንሹ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አልገባኝም ስላት ሳቀች። በበቆሎ ነገረችኝ። እማ፣ ለማሳ ጥበቃ ከመካከላችን አንድ ሰው እንመርጥ የለ። ማማው ላይ እናወጣዋለን። ጦጣ ካስገባ እናወርደዋለን። ማማው የእሱ አይደለም።

ገባኝ አልኳት። ገብቶኝም ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ነው እጄን የማወጣው።

ሰኞ፣ ሰኔ 23። ረፋድ

የወረቀት ጣሳውን አወረድኩ። የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፣ የም/ቤት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ እንድሪስ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ። ስለ ወንዙ የተባለውን ሁሉ ማንበብ እፈልጋለሁ አልኩት። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ። እሱ አሁን ዝም ማለት ብቻ ነው የያዘው።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቅዳሜ የጥሩን የግማሽ ዓመት ሪፖርት ያዝኩ። እሑድ አባሪው ላይ ደረስኩ። አባሪ ማለት ከኋላ የሚሰፋው ሠንጠረዥ ነው። ዛሬ አገኘሁት።

ተራ ቁጥር አሥራ አራት። የእኛ ቀበሌ ስም። ሪቂቻ፣ ድልድይ ማለት ነው። የእግረኛ። ቀጥሎ አንድ ቃል። ጡ፣ ሙ፣ ራ፣ ሜ፣ ራ። አራት ጊዜ አነበብኩት። ጡሙራሜራ። ተጠናቋል።

ደብተሬ፣ ያ ድልድይ አራት የሲሚንቶ እግር ነው። ሁለቱ በዚህ በኩል፣ ሁለቱ በዚያ በኩል። በመካከላቸው ልጄ የረገጠችው ግንድ አለ። ብረቱ በሚቀጥለው ወር ይመጣል ከተባለ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ከቃሉ ቀጥሎ የተጠቃሚው ሕዝብ ብዛት ተጽፏል። ሰዓዳም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለች። ተጠቃሚ።

አላበቃም። የሴቶችና ሕፃናት ቋሚ ኮሚቴ አባል ስለሆንኩ የቃለ ጉባኤው ቅጂ ደርሶኛል። አንብቤው አላውቅም። ሪፖርቱ ሰገሌ ጉቱን ጸደቀ ይላል። በሙሉ ድምፅ። ከሥሩ የአባላት ስምና ፊርማ። ገጽ ሦስት ላይ የእኔ አለ። አንሻ። ፊደል እንዳልስት ተጠንቅቄ የጻፍኩት ፊርማ።

ትዝ ይለኛል ያ ቀን። አስተዳዳሪው ዋና ዋናውን አነበበ። ዝርዝሩ በአባሪው ተያይዟል ብሎ አለፈ። ድጋፍ ሲባል እጄን አወጣሁ። ምሳ ጥሩ ነበር፣ ክክ አልጫና ሥጋ። ወረቀቱን ቤት አመጣሁ። ሰዓዳ የአጋማሽ ፈተና ላይ ነበረች። ላነብልሽ አለች። ተይው፣ ፈተናሽን አጥኚ አልኳት።

ብታነበው ኖሮ ትስቅ ነበር። እማ፣ ድልድያችን አልቋል ይላል፣ ነይ እንሻገር ትል ነበር። እኔም በሚቀጥለው ጉባኤ እጠይቅ ነበር። እላለሁ አሁን። እጠይቅ ነበር ወይ።

አፌ መረረኝ። ውኃ ጠጣሁ። መራራው አልሄደም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ጋሼ ቶለራ ዘንድ ሄድኩ። የት/ቤቱ ር/መምህር ናቸው። ከእኛ ቀበሌ እንደ እኔ የም/ቤት አባል ናቸው። ሰዓዳን አስተምረዋታል። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፣ ቁጥር አሥራ አራትን በጣቴ አሳየሁ።

አልደነገጡም። የከፋኝ እሱ ነው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በጥር ያወቁ ይመስለኛል።

ፊርማዬ እንዴት ከሪፖርቱ ሥር ገባ ብዬ ጠየቅኋቸው። እኔ በር ላይ መምጣቴን ነው የፈረምኩት እንጂ ሪፖርት አልፈረምኩም። ሳቅ አሉ፣ ሳቁ ግን ደስ አይልም። ቃለ ጉባኤው አስቀድሞ ነው የሚጻፈው አሉ። መብራት ስለሚጠፋ። መብራት ያለ ቀን ጽፈው፣ አትመው ይጨርሳሉ። በጉባኤው ቀን የጎደለው የመገኛ ፊርማው ብቻ ነው። ጠዋት በር ላይ ያስፈርማሉ፣ ከኋላው ይሰፉታል።

ስለዚህ ገና ሳንገባ በሙሉ ድምፅ ወስነናል ማለት ነው አልኳቸው።

«መብራት ኃይል ነው የወሰነው፣ አዴ አንሻ» አሉ።

ለምን አይናገሩም አልኳቸው። እርስዎ ያነባሉ፣ ፊደሉ አይቸግርዎትም። ያን ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ። እስቲ ይቁጠሩ አሉ። ም/ቤቱ ውስጥ መምህሩ ስንት ነው፣ የጤና ባለሙያው ስንት ነው፣ የግብርና ሠራተኛው ስንት ነው። እኔ ማክሰኞ የትምህርት ጽ/ቤቱን ኃላፊ ልቆጣጠር እቀመጣለሁ። ረቡዕ እሱ የዝውውር ደብዳቤዬን ይፈርማል። ከዚህ አንሥቶ ኖፓ ማዶ ገጠር ቢጥለኝ ማን ይጠይቀዋል። እኔ ነኝ የምጠይቀው፣ የም/ቤት አባል ነኛ።

የሰዓዳን ሣጥኖች አሰብኩ። ሥዕሉ ልክ ነው። ግን ማማው ላይ ያለው ሰው ከታች ላሉት ሁሉ ደመወዝ ከፋይ ከሆነ ማን ነው ውረድ የሚለው። ይሄን አልሣለችውም። መጽሐፉም አልነገራትም።

ስወጣ እስከ በር ሸኙኝ። ከሁሉም በላይ ፍጥነቱ ነው አሉ። አፈ ጉባኤው ተቃውሞ ሲል ቀና አይልም። ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተዓቅቦ፣ በሙሉ ድምፅ። ባንድ ትንፋሽ። እጅ ለማውጣት የሚያስበው ሰው ቢኖር እንኳ ሳይደርስ ያልፈዋል።

የእኔ ሥራ በቆሎ ውስጥ ነው። የማልፈራ መስሎኝ ነበር። እኔን የት ያዛውሩኛል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ወንዝ ወረድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጎርፉ ቡናማ ነው። ግንዱን ቀይረውታል፣ አዲስ ባሕር ዛፍ ጥለዋል። ልጣጩ እንኳ አልተነሣም። ይንሸራተታል።

ጫልቱ ከወዲያ ማዶ ትሻገራለች፣ የታናሽ ልጇን እጅ ይዛ። ጎረቤቴ ናት፣ ለምርጫ ቤት ለቤት አብራኝ የዞረች። ተሻግራ መጣች። ሃዳ ሰዓዳ አለችኝ፣ የሰዓዳ እናት ማለት ነው። ሁሌም የምትጠራኝ እንዲሁ ነው። ዛሬ ግን አጠገቤ የቆመ ሌላ ሰው የምትጠራ ይመስለኛል፣ እኔን አይደለም።

ወረቀቱ ያለውን ነገርኳት። ከጋሼ ቶለራ ሌላ ለማንም ሳልናገር ለሷ ነገርኳት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አዳመጠች። ከዚያ እንዲህ አለች፤

«አንቺ እዚያ የገባሽው በእኛ ጣት ነው። ቀለሙ ሳምንት አልለቀቀኝም። ምን ይዘሽልን መጣሽ? ምሳ በልተሽ ነው የምትመጪው።»

ልክ ናት። በፌስታል ጠቅልዬ ለልጇ ሥጋ ያመጣሁላት ጊዜም አለ። በልታለች እሷም። ይሄን አላነሣሁባትም።

ቀጥላ አለች። በሕጉ እኮ ያልሠራ ተመራጭ ይነሣል ይባላል። ታዲያ ለምን አታነሡኝም አልኳት። እንዴት እንደሚነሣማ ማን ያውቃል አለች። አለቀሰች። ልጇ ድንጋይ ወደ ውኃው ይወረውራል። የሲሚንቶው እግር ላይ ሲመታ ደስ ይለዋል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

መቱ ሄጄ መጣሁ። ለአርባው ሰደቃ ስኳርና ዘይት መግዛት ነበረብኝ። ሚኒባሱ ከጎሬ ተሞልቶ ነው የመጣ፣ ቆሜ ሄድኩ።

የዞኑ ጽ/ቤት ገባሁ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ። አንድ ወጣት ነበር፣ ትሑት ነው፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ነገርኩት። ሙሉውን። ጻፈ፣ ጻፈ፣ ብዕሩን አስቀመጠ። እትዬ፣ ይሄንን የሚመለከተው የወረዳው ም/ቤት ነው አለኝ። የወረዳው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለም/ቤቱ ነው። እኛ እላያችሁ ላይ ገብተን ልንወስን አንችልም። የወረዳው የበላይ አካል ም/ቤቱ ነው።

የም/ቤቱ አባል እኔ ነኝ አልኩት።

እንኳን ደስ ያለዎት የሚል ይመስል ፈገግ አለ። እንግዲያስ የበላዩ እርስዎ ነዎት አለ። ሲያፌዝብኝ አይደለም። ከልቡ ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው የሚል።

መንገዱን ሁሉ ይሄን ሳውጠነጥን መጣሁ። ለበላይ አመለከትኩ፣ የበላዩ ራሴ ሆንኩ። ስኳሩ ረጥቧል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2። ማታ ሳይጨልም

አርባዋ ወጣ። ሰው ብዙ መጣ። ሼኹ ዱዓ አደረጉ። የክርስቲያኑም የፕሮቴስታንቱም ጎረቤት ነበር፣ ቡሬ ያለችው እኅቴም መጣች።

አስተዳዳሪው መጣ። በመኪና፣ ከሦስት የካቢኔ ሰዎች ጋር። በግ አመጡ። ወንበር ተሰጣቸው፣ ከፊት። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ዓይኑ ረጠበ። የአላህ ውሳኔ ነው፣ ጽናቱን ይስጥዎት አለኝ። አሜን አልኩ። ድልድዩስ እንዴት ሆነ አልኩት፣ በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማ።

በመጪው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ተይዟል አለ።

ጡሙራሜራ ይል የለም እንዴ፣ አልኩት።

ሻይውን አማሰለ። አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። የተጻፈው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልቃል በሚል ነው አለ፣ በተስፋ። ሪፖርት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ባዶ አይላክም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እርስዎም እኮ ነበሩ፣ አብረን ነው ያጸደቅነው አለ።

ደብተሬ፣ ይሄን ሲለኝ አልተቆጣሁም። እጄን አየሁ። ቀኝ እጄን። ቡና ስለቅም የሚጠቁር፣ ልጄን ያጠብኩበት እጅ ነው። ጥር ላይ ወጣ። ማንም አልጎተተውም።

በጉን እንድሪስ መለሰው። መኪናው ድረስ ወስዶ አሰረላቸው። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ቁቤ እየተለማመድኩ ነው። ከሰዓዳ ጽሑፍ ሥር ሳይሆን አዲስ ገጽ ላይ። የእሷን ፊደል እያየሁ እገለብጣለሁ። የሷ «q» ወደ ታች ጭራ አለው። የእኔ ጭራ ያለው ጦጣ ይመስላል።

ሦስት ቃል ብቻ ነው የምለማመደው። ሪቂቺ ሂን ጂሩ። ድልድዩ የለም።

አርባ ጊዜ ጻፍኩት። የመጨረሻዎቹ ደህና ናቸው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ከሰዓት፣ ወረዳ ከተማ

ዛሬ የፓርቲው ቡድን ቅድመ ስብሰባ ነበር። ም/ቤቱ ነገ ነው፣ የሚወሰነው ግን ዛሬ ነው። እዚህ እንከራከራለን ይባላል፣ ነገ አንድ ሆነን እንወጣለን። እዚህም የተከራከረ ሰው አይቼ አላውቅም። አንዱ ሁልጊዜ ሰዓት ይከበር ይላል። እሱ ነው ክርክሩ።

እጄን አወጣሁ። ቁጥር አሥራ አራት ሐሰት ነው፣ የዓመቱ ሪፖርት ውስጥ መልሶ ከገባ አልደግፍም አልኩ። ጋሼ ቶለራ የጠረጴዛውን ልብስ ያያሉ። ከኋላ አንዱ፣ ድልድይ የሌለው የእሷ ቀበሌ ብቻ ይመስል፣ አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ማን ላይ እንደሆነ ሲያስቡት አቆሙ።

የቡድኑ ሰብሳቢ ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ቢሮው ጠራኝ። በር ዘጋ። ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው አለ። ቢፈልጉ ነገ አይምጡ፣ በፈቃድ እናስመዘግብዎታለን። ግለሰባዊ ስሜት ወደ ም/ቤት ባይገባ ጥሩ ነው። ደግሞ አስበንልዎታል አለ። ጉባኤው ሲከፈት ለሰዓዳ የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት ይደረጋል። ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል። ለተማሪ ተደርጎ አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ የታተመ ወረቀት ነበር። እኔ ማንበብ እንደማልችል ነው የሚያውቀው፣ አልሸፈነውም። ጣቴን ሳላስኬድ አነበብኩ። መጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ተራ አንድ፣ የሕሊና ጸሎት ተደረገ። ተራ ሁለት፣ ሪፖርቱ ሰገሌ ጉቱን ጸደቀ።

የነገው ጉባኤ ነው የተጻፈው። ለልጄ ዛሬውኑ ጸልየውላታል። ከአንድ መስመር በታች መልሰው ድልድዩ ላይ አሻግረዋታል።

እመጣለሁ አልኩት። በጣም አመሰግናለሁ አልኩት ደግሞ። ለምን አመሰገንኩት። አፍ የለመደው ነው የሚወጣው። ይሄ ነው የሚያስጠላኝ፣ ከእነሱ ይልቅ ይሄ።

የማድረው አንዲት የቡሬ ሴት ቤት ነው፣ የእኅቴ ባልንጀራ። እራት አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። ጠዋት፣ አዳራሽ ውስጥ

ከኋላ ወንበር ላይ ነኝ። በጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ። አጀንዳ የምመዘግብ ይመስላቸዋል።

በር ላይ አልፈረምኩም። ብርቱካን፣ የም/ቤቱ ጽ/ቤት ጸሐፊ፣ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። ብዕር ረሳሁ አልኳት፣ ከምሳ በኋላ አልኳት፣ አለፍኩ። ውሸት ነው። ብዕሬ ጉያዬ ውስጥ ነው ያለው።

አፈ ጉባኤው የሰዓዳን ስም ጠራ። ተነሡ። ላለመነሣት ወስኜ ነበር። እግሬ ራሱ ተነሣ። ለልጄ ነው እንዴት ልቀመጥ። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ሰዓት አይቻለሁ። አንድ ስልክ ጮኸ።

አስተዳዳሪው ሪፖርት እያነበበ ነው። ዋና ዋናውን። ውኃ፣ መንገድ፣ ችግኝ። አባሪው እጄ ላይ አለ። ገጽ ሠላሳ አንድ። ሪቂቻ። ጡሙራሜራ። አሥራ አምስት ቀን ቀድሜ አውቄው እንኳ መልሼ በጣቴ ተከተልኩት። ሻይው ውስጥ ያን ሁሉ ሲያማስል አልሰረዘውም።

ዝርዝሩ በአባሪው ተያይዟል አለ። አለፈ።

ጥያቄና አስተያየት ከምሳ በኋላ ተባለ። ከዚያ ድምፅ።

እዚያው፣ ምሳ ሰዓት

ምሳ አልሄድኩም። አዳራሹ ባዶ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መብራት ጠፍቷል። ቃለ ጉባኤው ግን ታትሟል።

ጋሼ ቶለራ ሳይበሉ ተመለሱ። ከእኔ ሁለት ወንበር አልፈው ተቀመጡ። ከዚያ፣ ተቃውሞ ሲባል ሳይሆን ድጋፍ ሲባል ነው መቆም ያለብዎት አሉ። ያን ጊዜ ቀና ይላል፣ እጅ ለመቁጠር። እጅዎን አይደለም፣ ራስዎን ቆመው ያሳዩ። እርስዎስ ይቆማሉ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። አራት ልጅ አለኝ አሉ። ክፉ አልኳቸው በልቤ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እኔ ጥር ላይ አንድ ልጅ ነበረኝ፣ አልቆምኩም። ማን ነኝ ልፈርድ።

ከዚያ አንድ ነገር ነገሩኝ። ጥር ላይ አውቄው ነበር አሉ። ሰዓዳ ክፍል ውስጥ ስለ ም/ቤት ስትጠይቀኝ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ይሄን ብለው ወጡ። ተመልሰው ይምጡ አይምጡ አላውቅም።

ወሰንኩ። ይጻፍልኝ፣ ደብተሬ። ድጋፍ ሲል እቆማለሁ። ብቻዬንም ቢሆን። እስኪያየኝ አልቀመጥም። ለምን ቆሙ ካለኝ እናገራለሁ፣ በኦሮምኛ፣ ሲከፋኝ በሚመጣልኝ። አልሰማሁም ካለኝ እደግመዋለሁ። ይጽፉታል ብዬ ግን አላምንም። መብራት የለም፣ ወረቀቱ አልቋል፣ በሙሉ ድምፅ ይላል። ያን አልለውጠውም።

አንድ ነገር ብቻ አላተሙም።

ብርቱካን መጣች። የመገኛውን ወረቀት ይዛ። ፊርማዎ ቀርቷል አዴ አንሻ፣ ልሰፋው ነው አለች። ይሄ ወረቀት የት የት ይሄዳል አልኳት። ከቃለ ጉባኤው ጋር ነው፣ አንድ እዚህ ይቀራል፣ አንድ ለዞን ይሄዳል፣ ወደ ላይም ይላካል አለች። ይሰረዛል አልኳት። ኧረ፣ የአባል ፊርማ እንዴት ይሰረዛል አለች፣ የሁሉም ሰው ፊርማ አብሮ ይበላሻል፣ ሌላ ባዶ ቅጽ እንኳ የለኝም።

ስሜ አጠገብ ያለው ሣጥን ጠባብ ነው። ለካሁት። ከእኔ በላይ ያለው ሰው ፊርማ ትንሽ ነው፣ ከበታቼ ያለው ዛሬ አልመጣም። ባዶ ቦታ አለ። ለሦስት ቃል ይበቃል።

ብርቱካን ቆማ ትጠብቀኛለች። ቶሎ ይበሉልኝ፣ እየገቡ ነው ትላለች። የእኔ ፊርማ ዛሬ ረዘም ይላል አልኳት። በሩ ላይ ድምፅ አለ፣ ጋሼ ቶለራም ከሚገቡት መካከል ናቸው።